የሦስት ዓመት እሑዶች

የጎደለው 270 ብር ነበር።

ለወጣቶች ሪትሪት መዋጮ በምንሰበስብበት ጊዜ የኅብረቱ ገንዘብ ያዥ እኔ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለተኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ ስለነበርኩ ምርጫው ጊዜ አልፈጀም፤ «ሒሳብ የምታውቅ እህት እያለች ሌላ ማን እንፈልጋለን?» ተባለና በአንድ ድምፅ አለፈ። ከየሴሉ እየዞረች ገንዘቡን የምትሰበስበው ደግሞ የቅርብ ጓደኛዬ ነበረች። እሷ ደረሰኝ ቆርጣ ገንዘቡን ሳጥን ውስጥ ታስገባለች፤ እኔ በሳምንቱ መጨረሻ ከደረሰኙ ጉርድ ላይ ወደ መዝገቡ እገለብጣለሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ በአንድ የመዘምራን ቡድን ውስጥ ጎን ለጎን ቆመን የዘመርን ነን። ይህንንም ሥራ እንደ ሌላው አገልግሎታችን በደስታ ነበር የጀመርነው።

ዓርብ ማታ ኮሚቴው ተሰብስቦ ሒሳቡን ልንዘጋ ስንል መዝገቡና ሳጥኑ አልተስማሙም። ሦስት ጊዜ ደመርኩ። ሦስቱንም ጊዜ መዝገቡ ከሳጥኑ በ270 ብር በለጠ።

ሰብሳቢያችን «እንግዲህ ምን ይሻላል?» አለ።

«መዝገቡ ትክክል ነው» አልኩ። «ሦስት ጊዜ ደምሬዋለሁ።»

ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልጨመርኩም። የማንንም ስም አልጠራሁም። ነገር ግን መዝገቡ ትክክል ከሆነ የሚቀረው ማን እንደሆነ በክፍሉ ውስጥ የነበረ ሁሉ ያውቃል። እሷም ታውቃለች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የቦርሳውን ማንገቻ በጣቷ እየጠቀለለችና እየፈታች ዝም አለች። በማግስቱ ቅዳሜ ለመዝሙር ልምምድ አልመጣችም። በሚቀጥለው ቅዳሜም አልመጣችም።

ዛሬ ልጽፍላችሁ የተነሳሁት ስለ ሌላ ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ግን ያገኘኝ በእነዚያ ሁለት ቅዳሜዎች መካከል ስለሆነ ከ270 ብሩ ለይቼ ልተርክላችሁ አልችልም።

አንድ ጠዋት የቁጥር ቲዎሪ መምህራችን ወደ ክፍል ገብተው፣ ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት ሰሌዳው ላይ ይህን ጻፉ፦

147,573,952,589,676,412,927

«ይህ ቁጥር ፕራይም ነው ወይስ አይደለም?» አሉን። ፕራይም ማለት በአንደኛ ደረጃ የሒሳብ መጽሐፋችን «ብቸኛ ቁጥር» የተባለው ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በስተቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ሌላ ቁጥር የለም። 7 ፕራይም ነው። 15 ግን በ3 እና በ5 ስለሚካፈል አይደለም። ሃያ አንድ አሃዝ ላለው ቁጥር ግን ማን ደፍሮ ይመልሳል? ክፍሉ ጸጥ አለ።

ቁጥሩ እንዲሁ የተመረጠ አይደለም። 67 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝታችሁ ከውጤቱ ላይ 1 ስትቀንሱ የሚገኘው ይህ ቁጥር ነው። ታናናሽ ወንድሞቹን ታውቋቸዋላችሁ። ሁለት ሁለቶች 4 ናቸው፤ 1 ሲቀነስ 3። ሦስት ሁለቶች 8፤ 1 ሲቀነስ 7። አምስት ሁለቶች 32፤ 1 ሲቀነስ 31። ሰባት ሁለቶች 128፤ 1 ሲቀነስ 127። 3፣ 7፣ 31፣ 127 ሁሉም ፕራይም ናቸው። 2፣ 3፣ 5 እና 7ም ራሳቸው ፕራይም ስለሆኑ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ሕጉን ያገኘ ይመስለዋል። ቀጣዩ ፕራይም 11 ነው። አሥራ አንድ ሁለቶች 2,048 ይሆናሉ፤ 1 ሲቀነስ 2,047። እሱ ደግሞ የ23 እና የ89 ብዜት ነው። ሕግ የመሰለን ነገር እዚያው ፈረሰ።

እነዚህን ቁጥሮች ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የፈለጓቸው «ፍጹም» ለሚባሉት ቁጥሮች ሲሉ ነው። 6 ፍጹም ነው፤ ከራሱ በታች ያሉት አካፋዮቹ 1፣ 2 እና 3 ሲደመሩ መልሰው 6 ይሆናሉ። 28ም እንዲሁ፦ 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ሲደመሩ 28 ናቸው። አውግስጢኖስ ዓለም በ6 ቀን የተፈጠረበትን ነገር ከዚህ ከ6 ፍጹምነት ጋር አያይዞ ጽፏል። ከእሱ ብዙ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ የነበረው ግሪካዊው ዩክሊድ ደግሞ፣ ከላይ በጻፍኩት መንገድ ፕራይም የሆነ ቁጥር በተገኘ ቁጥር አንድ ፍጹም ቁጥር አብሮ እንደሚገኝ አሳይቷል።

ወደ ትልቁ ቁጥር ታሪክ ስንመጣ መጀመሪያ የምናገኘው አንድ መነኩሴ ነው። ማራን መርሴን (1588–1648 እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ውስጥ በአንድ ገዳም ይኖር ነበር። ከነዴካርት እና ከነፌርማ ጋር ደብዳቤ እየተጻጻፈ የዘመኑን ሊቃውንት እርስ በርስ ያገናኝ የነበረ ሰው ነው። በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ መቅድም ላይ አንድ ዝርዝር አሰፈረ። እስከ 257 ድረስ፣ ያን ያህል ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ ፕራይም የሚሰጡት 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ብቻ ናቸው አለ። በዝርዝሩ ውስጥ 67ን ልብ በሉት። በዚያ ዘመን እነዚያን ግዙፍ ቁጥሮች አንድ በአንድ ሊፈትሽ የሚችል ሰው አልነበረም። ቢሆንም የተናገረው የተከበረ ሰው ስለነበረ፣ ስለ 67 የጻፈው ለ232 ዓመት የሚያፈርሰው ሳይገኝ ኖረ።

በ1876 ኤድዋርድ ሉካስ የተባለ ፈረንሳዊ፣ ቁጥሩ ፕራይም እንዳልሆነ አረጋገጠ። እኔን የነካኝ ያረጋገጠበት መንገድ ነው። የሚያካፍለውን ቁጥር ሳያገኝ ነው ያረጋገጠው!

ዘዴው በኋላ ዴሪክ ሌመር በ1930 ባቀለለው መልኩ እንዲህ ነው። ከ4 ትጀምራላችሁ። ቁጥሩን በራሱ ታባዛላችሁ፤ 2 ትቀንሳላችሁ፤ ለምትፈትሹት ቁጥር አካፍላችሁ ቀሪውን ብቻ ትይዛላችሁ። ከዚያ ቀሪውን በራሱ አባዝታችሁ ትቀጥላላችሁ። የምትደጋግሙት ከሁለቶቹ ብዛት በ2 ያነሰ ጊዜ ነው። መጨረሻ ላይ ቀሪው 0 ከሆነ ቁጥሩ ፕራይም ነው፤ ካልሆነ አይደለም። በ31 እንሞክረው። አምስት ሁለቶች ስለሆኑ 3 ጊዜ ነው። ከ4 ወደ 14። ከ14 ወደ 194፤ ለ31 ሲካፈል ቀሪው 8። ከ8 ወደ 62፤ ለ31 ሲካፈል ቀሪው 0። ስለዚህ 31 ፕራይም ነው። በ2,047 ደግሞ 9 ጊዜ ስትደጋግሙ መጨረሻ ላይ የሚቀረው 1,736 ነው። 0 አይደለም፤ ስለዚህ 2,047 ይካፈላል። በመንገዱ ሁሉ ግን 23 የሚል ቁጥር አላያችሁም፤ 89ም አላያችሁም።

መምህራችን እዚህ ላይ ጠመኔውን አስቀመጡ። «ሉካስ ቁጥሩ እንደሚሰበር አወቀ» አሉ። «በየት በኩል እንደሚሰበር ግን አላወቀም። ልጆች፣ ሁለቱ የተለያዩ እውቀቶች ናቸው።»

ይህን ሲሉ የመዝገቡን ሳጥን አሰብኩ። ያሰብኩትን ግን ቶሎ ብዬ ከራሴ አራቅኩት።

በየት በኩል እንደሚሰበር ለማወቅ ሌላ 27 ዓመት ፈጀ። ጥቅምት 31 ቀን 1903 እ.ኤ.አ.፣ ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፣ የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ኒው ዮርክ ላይ ተሰበሰበ። ፍራንክ ኔልሰን ኮል የተባለ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር «ስለ ትልልቅ ቁጥሮች አካፋዮች» ጽሑፍ እንዲያቀርብ ተጠራ። የሆነውን የጻፈልን ኤሪክ ቴምፕል ቤል ነው። ኮል አንድም ቃል ሳይናገር ወደ ሰሌዳው ሄደ። 67 ሁለቶችን አባዝቶ 1 ቀነሰና ሃያ አንዱን አሃዝ ጻፈ። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ባዶ ቦታ አለፍ ብሎ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጻፈ፦

193,707,721 × 761,838,257,287

በእጁ አሃዝ በአሃዝ አባዛቸው። ውጤቱ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ሆነ። ኮል ወደ ቦታው ተመልሶ ተቀመጠ፤ አሁንም ቃል አልወጣውም። አዳራሹ አጨበጨበ። ጥያቄ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ከዓመታት በኋላ ቤል ይህን ለማግኘት ስንት ጊዜ እንደፈጀበት ሲጠይቀው፣ ኮል የመለሰለት «የሦስት ዓመት እሑዶች» ብሎ ነው።

ቤል ታሪክ ሲተርክ ማጣፈጥ ይወድ እንደነበር የሚናገሩ አሉ። ቁጥሮቹን ግን ማንም ሊያጣፍጣቸው አይችልም፤ እናንተም ልትፈትሿቸው ትችላላችሁ። የመጨረሻ ሦስት አሃዞቻቸውን ብቻ ውሰዱ፦ 721 በ287 ሲባዛ 206,927 ነው፤ ትልቁ ቁጥርም የሚያበቃው በ927 ነው። ወይም የየአንዳንዱን አሃዞች ደምሩ። የመጀመሪያው 37 ይሰጣል፤ 3 እና 7 ሲደመሩ 10፣ 1 እና 0 ሲደመሩ 1። የሁለተኛው 64 ነው፤ እሱም 10፣ ከዚያ 1 ይሆናል። 1 በ1 ሲባዛ 1 ነው። የትልቁ ቁጥር አሃዞች ድምር ደግሞ 109 ነው፤ እሱም 10፣ ከዚያ 1። ይስማማል። ይህ ማረጋገጫ አይደለም፤ ቀላል ስህተትን የሚይዝ ወንፊት ነው። ሙሉውን ለማረጋገጥ አንድ ገጽ ወረቀትና ትዕግሥት ያለው ከሰዓት በኋላ ይበቃችኋል።

ማባዛቱ የአንድ ከሰዓት ሥራ ከሆነ ለምን ሦስት ዓመት ፈጀ? ሁለቱን አካፋዮች ሰጥቶን ብዜታቸውን መፈተሽ ቀላል ነው። ከብዜቱ ተነስቶ አካፋዮቹን መፈለግ ግን ሌላ ነገር ነው። ለእንደዚህ ዓይነት ቁጥር ማናቸውም ፕራይም አካፋይ 1 ሲቀነስለት ለ134፣ ማለትም ለሁለት ጊዜ 67፣ መካፈል እንዳለበት ይታወቅ ነበር። (በ2,047ም ያው ነው፤ 22ም 88ም ለሁለት ጊዜ 11 ይካፈላሉ።) ከዚህ ሌላ ከዕጩዎቹ ግማሹን የሚያስቀር ሌላ ሕግ አለ። በሁለቱም ሕጎች ካጣራን በኋላ እንኳ እስከ 193,707,721 ድረስ ከ720,000 በላይ ዕጩዎች ይቀራሉ። አንዱን ለመሞከር 5 ደቂቃ ቢፈጅ፣ በየቀኑ 8 ሰዓት የሚሠራ ሰው ከ20 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። ኮል እንዲህ በጭፍን አልሄደም፤ የካሬ ቁጥሮችን ቀሪዎች እያጠና ፍለጋውን አጠበበው። ጠብቦም ግን ያን ሁሉ እሑድ ፈጀ።

ዛሬ ኮምፒውተር ይህን ቁጥር በቅጽበት ይፈታዋል። እኔ ግን ማታ ማታ የማስበው ሰውየውን ነበር። ቁጥሩ እንደሚካፈል ከ1876 ጀምሮ ታውቋል። «ይካፈላል» ብሎ መናገርና ሌሎች ሲናገሩ መስማማት ለማንም ቀላል ነበር። ኮል ግን «የት?» ብሎ ጠየቀና ለጥያቄው ዋጋ ከፈለ።

የራቅኩትም ሐሳብ ተመለሰ። እኔ የያዝኩት የሉካስን ዓይነት እውቀት ብቻ ነበር። መዝገቡና ሳጥኑ እንደማይስማሙ አውቃለሁ፤ ይህ እርግጥ ነው። ስህተቱ የት እንዳለ ግን አላውቅም ነበር። ያላወቅሁትን እንዳወቅሁ ሰው ተናገርኩ፤ ዋጋውን የከፈለችው ግን እሷ ናት።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ አክስቴ ቤት ምሳ በላሁ። አክስቴ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የሒሳብ ሠራተኛ ነበረች። ፊቴን አይታ «ምን ሆነሻል?» አለችኝ፤ ነገርኳት። የማን ጥፋት ሊሆን እንደሚችል አልጠየቀችኝም።

«ልዩነቱ ስንት ነው?»

«270።»

«ለዘጠኝ ይካፈላል?»

ጥያቄው አስገረመኝ። «ይካፈላል። 30 ጊዜ።»

«በይ እንግዲያው፣ ሰው ከመጠርጠርሽ በፊት እጅሽን ጠርጥሪ። አሃዝ ያገላበጠ ሰው ሁልጊዜ የሚያጎድለው የዘጠኝ ብዜት ነው።»

የሒሳብ ተማሪዋ እኔ ነኝ፤ ይህን ያወቀችው ግን አክስቴ ናት። ምክንያቱን ሹካዬን ሳላስቀምጥ ሠራሁት። 63ን 36 ብላችሁ ብትጽፉ፣ 6ቱ ከአሥር ቤት ወደ አንድ ቤት ወረደ፤ 3ቱ ደግሞ ወደ አሥር ቤት ወጣ። ከአሥር ቤት ወደ አንድ ቤት የወረደ ሁሉ 9 እጁን ያጣል፤ የወጣ ሁሉ 9 እጁን ያተርፋል። ስለዚህ ልዩነቱ ምንጊዜም የ9 ብዜት ነው። እርግጥ ነው፣ ለ9 የሚካፈል ጉድለት ሁሉ ከመገላበጥ የመጣ አይደለም። ግን መጀመሪያ የት መፈለግ እንዳለብን ያመለክታል፤ 134ም ለኮል ያደረገለት ይህንኑ ነበር።

በማግስቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ሄድኩ። የደረሰኞቹ ጉርዶች ከመዝገቡ ሥር፣ በዚያው መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። በዚያ ዓርብ ማታ በእጄ ርቀት ላይ ነበሩ ማለት ነው። አንድ በአንድ ከመዝገቡ ጋር አመሳከርኳቸው። አምሳ ምናምነኛው ላይ ስደርስ በእሷ የተስተካከለ የእጅ ጽሑፍ 360 ብር ይላል። መዝገቡ ላይ፣ በእኔ እጅ፣ 630 ተጽፏል።

ሦስት ጊዜ የደመርኩት እውነት ነው። ድምሩን ሦስት ጊዜ ፈተሽኩ፤ የደመርኳቸውን ቁጥሮች ግን አንድ ጊዜም አልፈተሽኩም።

ስለ መርሴን አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ሥራው ተፈትሾ ያለቀው በ1947 ነው። ከ67 ሌላ 257ም ስህተት ሆኖ ተገኘ፤ ፕራይም የሚሰጡት 61፣ 89 እና 107 ደግሞ ተዘልለዋል። ከእነዚህ የመጀመሪያው፣ 61፣ በ1883 ተረጋገጠ። አንዳንድ ሰዎች ያኔ «ምናልባት መነኩሴው 61 ብሎ ጽፎ ይሆናል፤ 67 ያደረገው የአታሚው ስህተት ይሆናል» አሉ። እውነት ይሁን አይሁን ማንም ሊያረጋግጥ አልቻለም። ግን ይህን ግምት ወደድኩት። ከ200 ዓመት በፊት ለሞተ ሰው እንኳ «እስቲ የእጅ ስህተት እንዳይሆን» ብለው የጠየቁ ሰዎች ነበሩ። እኔ አጠገቤ ለተቀመጠች ጓደኛዬ ያን አልጠየቅሁም።

መዝገቡንና ጉርዱን ይዤ ቤቷ ሄድኩ። በመንገድ ላይ ኮልን አስብ ነበር። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ ዝም ብል ቁጥሮቹ ራሳቸው ይናገራሉ ብዬ አስቤ ነበር። በሩን ስትከፍትልኝ ግን ያ እንደማይሆን ገባኝ። ኮል ዝም ማለት የቻለው ማንንም ስላልበደለ ነው። የእኔ ቁጥሮች ገንዘቡ እንዳልጠፋ ያሳያሉ፤ እሷን ስለጎዳሁበት ዝምታ ግን አንዳች አይናገሩም። ስለዚህ ወረቀቶቹን ከማውጣቴ በፊት «ይቅር በዪኝ» አልኳት። ከዚያ አሳየኋት።

ጉርዱን ትንሽ አየችው። «ያን ዕለት ማታ ‘ጉርዱን እናውጣ’ ብትዪ ኖሮ» አለች፣ «አብረን እንፈልገው ነበር።»

ይቅርታ አድርጋልኛለች። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ስህተቱ የእኔ እንደሆነ በሁሉም ፊት ተናገርኩ። ወደ መዘምራን የተመለሰችው ግን ከፋሲካ በኋላ ነው። ገንዘብ የመሰብሰቡን ሥራ ዳግመኛ አልተቀበለችም፤ እኔም አልለመንኳትም።

በየኅብረቱ ገንዘብ ያዥ፣ ሰብሳቢ፣ መሪ የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ አንድ ነገር አልስማማ ሲላችሁ «ስህተት አለ» ማለታችሁ ጥፋት የለበትም። ካለ አለ ነው። ነገር ግን «አለ» ከማለት «እዚህ ጋ ነው» እስከማለት ድረስ ያለው መንገድ ረጅም ነው። በእሑዶች የሚቆጠር ሊሆን ይችላል። ያን መንገድ ሳትሄዱት ዓይናችሁን ወደ ማንም አታዙሩ።

አሁን ሒሳብ የምንዘጋው ሁለት ሆነን፣ ጉርዱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን ነው። በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሃያ አንዱን አሃዝ ጽፌያለሁ፤ ከሥሩም ሁለቱን አካፋዮች። አዲሱ ገንዘብ ያዥ የስልክ ቁጥር መስሎት የማን እንደሆነ ጠይቆኝ ነበር።